ከስድስት ወር መድኃኒት በኋላ፦ ከሳንባ ነቀርሳ የዳኑ አፍላ ወጣቶች የሳንባ ጤና በወልቂጤና በቡታጅራ

መግቢያ

በጤና ጣቢያ የቲቢ መዝገብ ላይ የአንድ ታካሚ የመጨረሻ ዓምድ የሚሞላው ሕክምናው በተጠናቀቀበት ጊዜ ነው። «ድኗል» ወይም «ሕክምናውን ጨርሷል» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ስሙ ከመደበኛ ክትትል ይወጣል። አሠራሩ የተቀረጸው የበሽታውን ስርጭት ለመግታት በመሆኑ ለዓላማው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ባክቴሪያው ከአክታ መጥፋቱና ሳንባው ወደ ቀድሞ ጤንነቱ መመለሱ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ልዩነቱ ይበልጥ የሚያሳስበው ሳንባቸው ገና በማደግ ላይ ባለ አፍላ ወጣቶች ዘንድ ነው። ይህ ጽሑፍ ከሕክምና በኋላ የሚቀረውን የሳንባ ጉዳት ምንነት፣ በጉራጌ ምድር ካሉት የወልቂጤና የቡታጅራ ከተሞች የኑሮ ሁኔታ ጋር ያለውን ዝምድናና ሊወሰዱ የሚችሉ እርምጃዎችን ያብራራል።

ድኅነት ያልሻረው ጉዳት

የሳንባ ነቀርሳ ጉዳት የሚያደርሰው በባክቴሪያው ብቻ አይደለም፤ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሚያስነሳው ብግነትም የሳንባን ሕብረ ሕዋስ ያፈርሳል። በዚህ የተነሳ በሳንባ ውስጥ ጉድጓድ ይፈጠራል፣ የዳነው ቦታ በጠባሳ ይተካል፣ የአየር ቧንቧዎች ይሰፉና አክታ ያቁራሉ፣ የሳንባ ሽፋንም ሊወፍር ይችላል። ውጤቱ በሁለት መልክ ይታያል። አንደኛው የአየር ቧንቧ መጥበብ ሲሆን ታካሚው አየር ለማስወጣት ይቸገራል፤ ሁለተኛው የሳንባ መጠን ማነስ ሲሆን በቂ አየር ማስገባት ይሳነዋል። በአንድ ሰው ላይ ሁለቱም ሊገኙ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ይህን ሁኔታ «ድኅረ ቲቢ የሳንባ ሕመም» በሚል ስያሜ ራሱን የቻለ የጤና ችግር አድርገው ተወያይተውበታል።

አፍላ ዕድሜ ለምን ይለያል?

የዓለም ጤና ድርጅት አፍላ ወጣት የሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን ነው። በሕፃናት ላይ ነቀርሳ በአብዛኛው በደረት ውስጥ ባሉ ንፍፊቶች ተወስኖ ይታያል። ከጉርምስና ጀምሮ ግን የአዋቂዎችን መልክ ይይዛል፤ የላይኛውን የሳንባ ክፍል ያጠቃል፣ ጉድጓድም ይፈጥራል። በሌላ በኩል የሳንባ አቅም ከፍተኛ ደረጃው ላይ የሚደርሰው ከ20 ዓመት በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በ15 ዓመቱ የሳንባውን ከፊል አቅም ያጣ ልጅ እንግዲህ ቁልቁለቱን የሚጀምረው ከእኩዮቹ ዝቅ ካለ ቦታ ነው። ዛሬ ኳስ ሲጫወት ቶሎ ከመድከም በቀር ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ ጉዳቱ ጎልቶ የሚወጣው በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ሊሆን ይችላል።

የመረጃ አያያዝም የራሱን ክፍተት ፈጥሯል። የቲቢ ሪፖርቶች ለረጅም ዘመን ታካሚዎችን ከ15 ዓመት በታችና ከዚያ በላይ ብለው ብቻ ስለሚከፍሉ፣ አፍላ ወጣቶች ግማሾቹ ከሕፃናት፣ ግማሾቹ ከአዋቂዎች ጋር ተደምረው ቆይተዋል።

የወልቂጤና የቡታጅራ ገጽታ

ወልቂጤ በአዲስ አበባ–ጅማ መንገድ ላይ የምትገኝ የጉራጌ ዞን መቀመጫና የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ የሆነችው ቡታጅራ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደው የገጠር ጤና ጥናት መነሻ በመሆን ትታወቃለች። በአንድ አካባቢ ነዋሪዎችን ለዓመታት የመከታተል ልምድ በቡታጅራ እንግዳ አይደለም።

በአካባቢው የታከመን ሳንባ የሚፈታተኑ ነገሮች አሉ። ቀዳሚው የማገዶ ጭስ ነው። ቆጮ የሚጋገረውና ወጥ የሚሠራው በአብዛኛው በእንጨት እሳት በመሆኑ፣ እናቶቻቸውን የሚያግዙ ልጃገረዶች በየዕለቱ ለጭስ ይጋለጣሉ። በማረቆና በአካባቢው በስፋት የሚመረተው በርበሬ ሲደርቅ፣ ሲቀነጠስና ሲፈጭ የሚያስነሳው ብናኝም የተጎዳ የአየር ቧንቧን ይቆጣል።

ሌላው ፍልሰት ነው። በርካታ የጉራጌ ልጆች በአፍላ ዕድሜያቸው ለሊስትሮ ሥራና ለአነስተኛ ንግድ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። በወልቂጤ ሕክምናውን የጨረሰ ልጅ ከዓመት በኋላ ሲያስለው የሚታየው ታሪኩን በማያውቅ የከተማ ክሊኒክ ሊሆን ይችላል።

የሳል ሁለት ስህተቶች

ሕክምናውን የጨረሰ ወጣት ዳግም ሲያስለው ባለሙያው ከባድ ውሳኔ ይገጥመዋል። የቆየ ጠባሳ በራጅ ላይ አዲስ በሽታ ሊመስል ይችላል። ጂን ኤክስፐርት የባክቴሪያውን ዘረመል እንጂ በሕይወት መኖሩን ስለማያሳይ፣ በቅርቡ በታከመ ሰው ላይ የሞተ ባክቴሪያ ቅሪት ሊያገኝ ይችላል። በዚህ ምክንያት ያልታመመ ልጅ ወራት የሚፈጅ መድኃኒት ዳግመኛ ሊጀምር ይችላል። በአንጻሩ ሳሉን ሁሉ ለጠባሳ መስጠትም አደገኛ ነው፤ ነቀርሳ ያገረሻልና። ከሁለቱም ስህተቶች የሚጠብቀው ሕክምናው ባለቀበት ዕለት የተነሳ ራጅና የተመዘገበ የትንፋሽ ልክ ነው፤ ለኋለኛው ምርመራ ማነጻጸሪያ ይሆናልና።

ሊደረግ የሚችለው

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጡት ዓለም አቀፍ የክሊኒክ መመዘኛዎች እያንዳንዱ ታካሚ በሕክምናው ፍጻሜ ለድኅረ ቲቢ የሳንባ ሕመም እንዲመረመር ይመክራሉ። የትንፋሽ መጠን መለኪያው ስፓይሮሜትር በሌለበት ጤና ጣቢያ እንኳ የስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ ምርመራ ማድረግ ይቻላል፤ የሚጠይቀው 30 ሜትር ያህል ደልዳላ ቦታ፣ ሰዓትና በጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ ነው። የትንፋሽ ልምምድ፣ ከትምባሆና ከሺሻ መራቅ እንዲሁም የተመጣጠነ ምግብ ከባድ ወጪ የማይጠይቁ ድጋፎች ናቸው።

ክትትሉ ከአካባቢው የኑሮ ዑደት ጋር ቢጣጣም ይበልጥ ይሠራል። በአዲስ አበባ ያሉ የጉራጌ ልጆች ለመስቀል ወደ አገር ቤት ይመለሳሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በአለፉት ዓመታት የታከሙ ወጣቶችን በዚያ ወቅት ቢጎበኙ፣ በሌላ ጊዜ የማይገኙትን በየቤታቸው ሊያገኟቸው ይችላሉ። ለልጁም የሕክምና ታሪኩን የያዘ ካርድ ቢሰጠው የትም ቢሄድ ታሪኩ አብሮት ይጓዛል።

ማጠቃለያ

የስድስት ወሩ መድኃኒት ሕይወት ያድናል፤ ያተረፈው ልጅ ግን ከፊቱ ብዙ የሥራና የኑሮ ዘመን ይጠብቀዋል። ስለዚህ በቲቢ መዝገብ ላይ ከውጤቱ ዓምድ ቀጥሎ የሳንባው ሁኔታ የሚሰፍርበት አንድ ተጨማሪ ዓምድ ማስፈለጉ ሊጤን ይገባዋል።