በክረምት ወራት በቤት ውስጥ ስለሚጠራቀመው እርጥበትና ስለ አየር መለዋወጥ

በኮልፌ 18 ማዞሪያና በአካባቢው መንደሮች ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ ወደ ብዙው ቤት የሚገባን እንግዳ አስቀድሞ የሚቀበለው የሻጋታ ሽታ ነው። ከቁም ሣጥን የወጣው ካፖርት አረንጓዴ ትቢያ ለብሶ ይገኛል፤ በአልጋ ራስጌ ያለውም የግድግዳ ማዕዘን ይጠቁራል። የቤቱ ባለቤቶች ጥፋቱን ሁሉ በዝናቡ ላይ ያደርጉታል። ዝናቡ በእርግጥ ድርሻ አለው፤ ነገር ግን ብዙው እርጥበት ከቤቱ ከራሱ የሚወጣ መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው።

አንድ ሰው ተኝቶ ሳለ በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት 40 ግራም ያህል ውሃ ወደ አየሩ ይሰጣል። ስለዚህ አራት ሰዎች ስምንት ሰዓት በተኙበት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከአንድ ሊትር የሚበልጥ ውሃ አየሩ ይቀበላል ማለት ነው። በዚህም ላይ የወጥ ድስትና የእንጀራ ምጣድ እንፋሎት፣ ደጅ ማስጣት ስላልተቻለ በቤት ውስጥ የተሰቀለው ልብስ ይጨመርበታል። ሌሊት ቆርቆሮው በቀዘቀዘ ጊዜ እንፋሎቱ ወደ ውሃነት ተመልሶ ይንጠባጠባል። ጣሪያው አፈሰሰ ተብሎ ሠራተኛ ይጠራል፤ ቆርቆሮው ግን አላበው እንጂ አላፈሰሰም።

«ውጭው እየዘነበ መስኮት መክፈት እርጥበት መጨመር አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አይደለም። በ10 ዲግሪ ሙቀት ያለ አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊይዝ የሚችለው ውሃ ከ9 ግራም ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ በ20 ዲግሪ ግን 17 ግራም ያህል ይይዛል። እንግዲህ የክረምት ማለዳ ቀዝቃዛ አየር በውሃ የጠገበ ቢሆንም፣ ገብቶ ሲሞቅ ከግማሽ ጥቂት የሚበልጥ ብቻ የተሞላ ይሆናልና የቤቱን እንፋሎት ተሸክሞ ለመውጣት ይችላል። ጧትና ማታ አሥር ደቂቃ ያህል ትይዩ የሆኑትን መስኮትና በር መክፈት ይበቃል። ብርድ ይመታናል የሚለው ፍርሃት በታክሲ ውስጥ እንኳ ስንት ክርክር እንደሚያስነሣ እናውቃለን፤ ቢሆንም ሕፃናቱን አልብሶ መክፈት ከሻጋታ ጋር ከማሳደር ይሻላል።

አየር ማቀዝቀዣ መኪና ስለ መግዛት የሚያስቡም አሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ዊሊስ ካሪየር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ይህን መሣሪያ ያቀደው በብሩክሊን ለነበረ ማተሚያ ቤት ሲሆን፣ ምክንያቱም ወረቀቱ በእርጥበት እየተለጠጠ ቀለሙ ከቦታው ስለ ሸሸ ነው። መሣሪያው አየሩን በቀዝቃዛ ቧንቧ ላይ ያሳልፋል፤ ውሃውም ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ለጋምቤላና ለድሬዳዋ ሙቀት ይጠቅማል፤ ለኮልፌ ክረምት ግን ቀድሞውንም የቀዘቀዘውን ቤት ማቀዝቀዝ ነው። ከዚህም ሌላ በግድግዳ የሚሰቀለው የተለመደው ዓይነት ያንኑ የክፍሉን አየር ያመላልሳል እንጂ አዲስ አየር አያስገባም። በዚህ ገንዘብ በማድ ቤትና በመታጠቢያ ክፍል አየር ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ ማስገጠም ይመረጣል፤ ለሚገባውም አየር ከበሩ ሥር ክፍተት ይተውለት።

ቤቱን ለማድረቅ ብሎ የከሰል ምድጃ አስገብቶ መዝጋት ግን ሰው ይገድላል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ዕጣን ማጨስም አያርቀውም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ወዲያው ወደ ደጅ ወጥቶ ወደ ሕክምና ይወሰድ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት አስምንና የመተንፈሻ አካል ሕመምን እንደሚያበዛ ገልጿል። መምህራንም በዕረፍት ሰዓት የክፍሉን መስኮቶች በሁለቱም ወገን ቢያስከፍቱ፣ የሳንባ ነቀርሳን የመሰለ በአየር የሚተላለፍ በሽታ እንዳይዛመት ይረዳሉ።

እርጥበቱ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ አንድ ቁራጭ ላስቲክ በግድግዳው ላይ ዙሪያውን አጥብቆ መለጠፍና ሁለት ቀን መቆየት ነው። ውሃው በላስቲኩ ፊት ከታየ ከክፍሉ አየር የመጣ ነው፤ በስተጀርባው ከተገኘ ግን ከግድግዳው ወይም ከመሬቱ ነውና መስኮት ብቻ አይበቃውም። እንዲህ ባለ ጊዜ፣ ይልቁንም በተዳፋት ላይ ለተሠራ የጭቃ ቤት፣ ከጀርባው ቦይ መቆፈርና አሸንዳውን መጠገን ያስፈልጋል፤ ይህም ሥራ በግንቦት ቢጀመር ይቀላል።