ምዕራፍ አምስት፦ ከወንዝ የሚመጣ የማኅፀን ደዌ

የቢልሃርዝያ ትል በቀንድ አውጣ ሆድ አድሮ ከወጣ በኋላ፣ በውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ እንዴት ሰርስሮ እንደሚገባ ባለፈው ምዕራፍ ስለ ተመለከትን፣ ያንኑ ደግሜ አንባቢን አላደክምም። አሁን የምንገባበት ነገር ብዙ ሐኪም እንኳ ሳይማረው ከትምህርት ቤት የሚወጣበት፣ የጤና ትምህርት ጽሑፎችም ወይ በዝምታ የሚያልፉት ወይም «የግል ንጽሕና ጉድለት» በሚል ሐረግ የሚገላገሉት ነው፤ ይኸውም ይኸው ተውሳክ በሴት ማኅፀንና ብልት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ንጽሕናዋን ለመጠበቅ ወንዝ ወርዳ ገላዋን የታጠበችን ልጅ፣ በዚያው በታጠበችበት ውሃ ለያዛት ደዌ «ንጽሕና ስለ ጎደላት ነው» ብሎ ማስተማር ከስሕተትም አልፎ በደል መሆኑን ከሁሉ አስቀድሜ ልናገር እወዳለሁ።

በአገራችን ቢልሃርዝያ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ አንጀቱ ዓይነት ነው። እኔ የምናገርለት ግን ሊቃውንት ሺስቶሶማ ሄማቶቢየም የሚሉትን፣ ቆላ ወዳዱን፣ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ረግረጎች፣ በኩርሙክ አካባቢ፣ ከዚያም አልፎ በግብፅ የዓባይ ሸለቆና ከሰሃራ በታች ባሉ ብዙ አገሮች የሚገኘውን ነው። ወንዱ ትል ቁመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሴቲቱ ከርሱ ረዘምና ቀጠን ብላ በሆዱ በኩል ባለው ቦይ ውስጥ ትኖራለች፤ እንዲህ ተጣምረውም በሽንት ፊኛ ዙሪያ ባሉት ደም መላሽ ሥሮች ውስጥ ዓመታት ያሳልፋሉ። ትሉ ራሱ ከሰውነት ዘበኞች ተሰውሮ የሚኖር ስለ ሆነ ጉዳቱ እጅግ ጥቂት ነው፤ ደዌው የሚመጣው ሴቲቱ በየቀኑ ሳታቋርጥ ከምትጥላቸው እንቁላሎች ነው፤ ይህን ያላስጨበጠ ማብራሪያ ሁሉ ምንም ቢያምር ለአንባቢ ያተረፈለት ነገር የለም።

እንቁላሉን እንደ ድሮው ሲራራ ነጋዴ አድርጋችሁ አስቡት። መነሻው የደም ሥር፣ መድረሻው ውሃ፣ በመካከል ያለው ኬላ ደግሞ የፊኛ ግድግዳ ነው፤ በጫፉ ያለችው ሹል እሾኽም ጦሩ ትሁነው። ይህ ነጋዴ ኬላውን ወግቶ ሲያልፍ ቀረጥ በመክፈል ፈንታ ራሱ ቀረጥ ይቀበላል፤ ደም ቀላቅሎ የሚወርደው ሽንት ምክንያቱ ይህ ነው። ነገር ግን የፊኛ ደም ሥሮች ከማኅፀንና ከብልት ደም ሥሮች ጋራ የተያያዙ ስለ ሆኑ፣ ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ መንገድ ስተው ወደ ማኅፀን አፍና ወደ ብልት ግድግዳ፣ አንዳንዴም ወደ ማኅፀን ቱቦ ይገባሉ፤ በዚያም ወንዝ የለም። ቢሆንም ነጋዴው ጭነቱን ያራግፋል፤ ጭነቱም ዘበኛን የሚያስቆጣ ፈሳሽ ነው። ዘበኞቹ ከየአቅጣጫው መጥተው ይከቡታል፣ ቅጥር ይሠሩበታል፤ እርሱም ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ በዚያው በቅጥሩ ውስጥ ይሞታል፣ ሬሳውም በጊዜ ብዛት ወደ ኖራነት ተለውጦ ይቀመጣል። ዘበኛ የሰፈረበት ቦታ ስንቅ ያስፈልገዋልና ለሰፈሩ አዳዲስ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበቅላሉ፤ እነዚህም በጥቂቱ ሲነኩ ይደማሉ። ከዚህ በኋላ በሌላ በር ሌባ ይመጣል፤ ሌባውም ኤች.አይ.ቪ. ሲሆን የሚፈልገው የቤቱን ንብረት ሳይሆን ዘበኛውን ራሱን ነው፤ ቅጥሩ ተሸንቁሮ፣ ዘበኞቹም በአንድ ስፍራ ታጭቀው ያገኛቸዋል። በዚምባብዌ ገጠር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ ይህ የማኅፀን ደዌ ያለባቸው ሴቶች ቫይረሱ በደማቸው የመገኘቱ ዕድል ከሌሎቹ ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል፤ ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች ሁሉ ይህን ያህል የጠነከረ ዝምድና ባያገኙም፣ የነገሩ አካሄድ ከላይ እንደ ገለጽሁት ነው።

አንዳንዶች ይህን ደዌ እንደ አዲስ ግኝት ሲያወሩት ስሰማ እገረማለሁ። ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ በካይሮ የቀስር ዐይኒ ሆስፒታል ሬሳ ሲመረምር ትሉን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ሲሆን፣ ፍራንክ ማደን የተባለው ሐኪም ደግሞ በዚያው በካይሮ በአንዲት ሴት ብልት ላይ ያየውን ጉዳት ጽፎ ያሳተመው በ1899 ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያልፍ፣ የሕክምና መጻሕፍት ስለ ፊኛው ምዕራፍ በምዕራፍ ላይ ሲደርቡ ስለ ማኅፀኑ አንድ አንቀጽ እንኳ የነፈጉት፣ ታማሚዎቹ ድኾች፣ ሴቶችና የገጠር ሰዎች በመሆናቸው እንደ ሆነ እንጂ ነገሩ ስውር ስለ ነበረ አይመስለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት የታማሚዎቹን ቁጥር 56 ሚሊዮን ያህል አድርጎ ይገምተዋል።

በአዋሽ ቆላ ስሠራ ወደ እኔ የመጣች አንዲት ወጣት ነበረች። ከዚያ በፊት በሄደችበት ጤና ተቋም የፈሳሽዋ ነገር «የአባላዘር በሽታ ነው» ተብሎ አንቲባዮቲክ ደጋግሞ ተሰጥቷት፣ ባልዋም እንዲመረመር ታዞ ነበር፤ ባልዋ ግን ምርመራውን ትቶ እርስዋን ተወ። የነጠላዋን ጫፍ በጣትዋ እየጠቀለለች፣ ዐይንዋን ከወለሉ ሳታነሣ፣ «ዶክተር፣ እኔ ከርሱ ሌላ ወንድ አላውቅም፤ እርስዎም ካላመኑኝ ልሂድ» አለችኝ። «አምኜሻለሁ እኅቴ፤ ልጅ ሳለሽ ገላሽን የት ነበር የምትታጠቢው?» ብላት፣ «ረግረጉ ዳር ነዋ! የምንቀዳውም የምናጥበውም ከዚያው ነበር» አለች። ሽንትዋ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንቁላል አልተገኘበትም። የማኅፀንዋን አፍ በመብራት ስመለከት ግን፣ በቢጫማው ቆዳ ውስጥ አሸዋ የተበተነበት የሚመስል ሻካራ ስፍራ፣ በዙሪያውም የተጠማዘዙ ቀጫጭን የደም ሥሮች አየሁ። ሽንት ንጹሕ ሆኖ ማኅፀን ሊታመም እንደሚችል ያልተረዳ መርማሪ፣ «ምንም የለብሽም» ብሎ ሊያሰናብታት፣ ወይም እንደ ፊተኛው ሐኪም ስምዋን ሊያጎድፍ ይችል ነበር። ይህ ደዌ ከወንድ ወደ ሴት አይተላለፍም፤ በወንዝ ያልታጠበች ዘማዊት አይይዛትም፤ የታጠበችን ድንግል ግን ይይዛታል።

ከመድኃኒት አዳዮች ጋራ የምከራከርበት ነገርም አለኝ። የቢልሃርዝያ ክኒን ለብዙ ዘመን በትምህርት ቤት ሲታደል የኖረው፣ እንቁላሉን ወደ ውሃ አብዝተው የሚያሠራጩት ሕፃናት ናቸው ተብሎ ነው። ይህ ስለ ሥርጭቱ እውነት ነው፤ ትምህርት ቤት ያልገባችው፣ በልጅነትዋ ተድራ በየቀኑ ውሃ የምትቀዳው ሙሽራ ግን በዚህ ስሌት ውስጥ የለችም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ቢልሃርዝያ ከመቶ ዐሥር ሰውና ከዚያ በላይ በያዘበት ስፍራ ከ2 ዓመት ጀምሮ ያለ ሰው ሁሉ፣ አዋቂዎችም ጭምር፣ በየዓመቱ እንዲሰጠው መክሯል፤ እኔም በየስብሰባው ስጮህበት የኖርሁት ይኸው ነበር።

ክኒኑ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት 40 ሚሊ ግራም ነው። ትሉን ይገድላል፤ አስቀድሞ በሥጋ ውስጥ የተቀበረውን እንቁላል ግን አያወጣውም፤ ስለዚህ ያቺ ወጣት ከወሰደች በኋላ ሕመምዋ ቢቀልላትም፣ አሸዋማው ስፍራ በሚቀጥለው ምርመራ እንደ ነበረ ነበር። ጠባሳው እየቆየ የማኅፀን ቱቦን ሊዘጋና መካንነትን ሊያመጣ ይችላልና፣ ክኒኑ ብዙ የሚጠቅመው ጠባሳው ሳይጠና በልጅነት ሲሰጥ ነው። ለዚህም ሲባል ከ3 ወር እስከ 6 ዓመት ላሉ ሕፃናት በውሃ የሚሟሟ ክኒን ተሠርቶ፣ በ2023 መጨረሻ በአውሮፓ የመድኃኒት ባለ ሥልጣን ተመርምሮ ድጋፍ አግኝቷል።