ቡልዶግ ስታምጥ

የሰፈር ውሻ አጥር ሥር ጥግ ይዛ ማንም ሳያያት ትገላገላለች። ሲነጋ ቡችሎቿ ተልሰው፣ እትብታቸው ተቆርጦ፣ ጡት ላይ ተደርድረው ይገኛሉ። የእንግሊዝ ቡልዶግ ግን ይህ ሁሉ ቀርቶባታል። ሰው ለመልኳ ብሎ ጭንቅላቷ ሰፊ፣ ትከሻዋ ደንዳና፣ ዳሌዋ ጠባብ እንድትሆን ለብዙ ትውልድ መርጦ አራብቷታል። ቡችላዋም ያንኑ ጭንቅላትና ትከሻ ይዞ በዚያው ጠባብ ዳሌ ማለፍ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2010 በብሪታንያ የታተመ ጥናት ቡልዶግ፣ ፍሬንች ቡልዶግና ቦስተን ቴሪየር ከ80 በመቶ በላይ የሚወልዱት በቀዶ ጥገና መሆኑን አሳይቷል።

ስለዚህ «አምጣ ትውለድ ወይስ በኦፕራሲዮን?» የሚለው ጥያቄ ምጥ በመጣበት ሌሊት የሚነሣ መሆን የለበትም። ከወንድ ጋር ከመገናኘቷ በፊት እናቷና እህቶቿ እንዴት እንደወለዱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከእርግዝናዋ 55ኛ ቀን በኋላ የሚነሣ ራጅ ደግሞ በሆዷ ስንት ቡችላ እንዳለ ያሳያል። ቁጥሩን ማወቅ ብዙ ይጠቅማል፤ ብቻውን ያደገ ቡችላ አንዳንዴ ከመጠን በላይ ይገዝፋል፣ ምጡንም በቅጡ አያስጀምርም።

በቀጠሮ የሚደረግ ቀዶ ጥገና ደክማ ከደረሰች እናት ላይ ከሚደረገው ይሻላል። አስቸጋሪው ነገር ቀኑን ማወቅ ነው። ውሻ የምትወልደው እንቁላል ከለቀቀች ከ63 ቀን ገደማ በኋላ ነው፤ የወንዱ ዘር ግን በማህፀኗ ለቀናት ስለሚቆይ፣ ከወንድ ከተገናኘችበት ቀን ሲቆጠር ከ57 እስከ 72 ቀን ሊሆን ይችላል። ቀድሞ የተከፈተ ሆድ ሳንባቸው ያልጠና ቡችሎች ያወጣል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ሐኪም ቢላ ከማንሣቱ በፊት ፕሮጄስትሮን የተባለው የእርግዝና ሆርሞን መውረዱን በደም ምርመራ የሚያረጋግጠው። የሆርሞኑ መውረድ እቤትም በቴርሞሜትር ይታያል፤ ከ38 ዲግሪ በላይ የነበረው ሙቀቷ ከ37.2 በታች ከወረደ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ምጥ ይጀምራል።

ዳሌዋ የሚያሳልፍ፣ ዝርያዋም የማይከለክላት ከሆነ ግን አምጣ ትውለድ። መጀመሪያ ታለከልካለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ ጨርቁን እየቧጨረች ቦታ ታበጃለች። ይህ ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ በዚህ ጊዜ የሚያስፈልጋት ጸጥታ ብቻ ነው። ወደ ሐኪም የሚያስሮጡት ምልክቶች ሌሎች ናቸው። እስከ ግማሽ ሰዓት በኃይል አምጣ ቡችላ ካልወጣ፣ ወይም ሆዷ ውስጥ ቡችላ እያለ ካለፈው ቡችላ በኋላ ሁለት ሰዓት ከሞላ መጠበቅ አያስፈልግም። የመጀመሪያው ቡችላ ሳይወጣ ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ የእንግዴ ልጁ ከማህፀን ግድግዳ መላቀቅ ጀምሯል፤ ቡችላው ኦክስጅን እያጣ ነው። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ የልብ ምቱን ያያል፤ በደቂቃ ከ200 በላይ ከሆነ ደህና ነው፣ ከ180 ሲወርድ ቡችላው ተጨንቋል፣ ከ160 በታች ከሆነ ግን ጊዜ የለም።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለ። ምጥ ዘገየ ብሎ እቤት ኦክሲቶሲን መውጋት ክፉ ልማድ ነው። ቡችላው ዳሌ ውስጥ ተሰንቅሮ ከሆነ መድኃኒቱ ማህፀኑን በተዘጋ በር ላይ ይገፋዋል፤ ሊቀደድም ይችላል።

ቀዶ ጥገናው ሲያልቅ ሥራው አያልቅም። ማደንዘዣው ቡችሎቹንም ስለሚነካ ረዳቶች አንድ በአንድ እየተቀበሉ አፍና አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ፣ እስኪጮሁ ድረስ በፎጣ ያሻሻሉ። አዲስ የተወለደ ቡችላ የራሱን ሙቀት መጠበቅ ስለማይችል ሙቅ ሳጥን ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። እናቲቱ ገና በስካር ላይ ሆና ልትተኛባቸው ወይም ግራ ተጋብታ ልትነክሳቸው ትችላለች፤ ስለዚህ ሰው አጠገቧ ሆኖ እንዲጠቡ ይረዳቸዋል። እንገሩን በመጀመሪያው ቀን ማግኘት አለባቸው።

የብሪታንያው ኬኔል ክለብ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ሁለት ጊዜ በቀዶ ጥገና ከወለደች ውሻ ከዚያ በኋላ የሚወለዱ ቡችሎችን አይመዘግብም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የእንግሊዝ ደንብም ፈቃድ ያለው አርቢ እንዲህ ያለችውን ውሻ ዳግም እንዳያስረግዝ ይከለክላል። እኔ ግን ሁለተኛውንም አልጠብቅም ነበር፤ በዳሌዋ ጥበት ምክንያት አንድ ጊዜ በቢላ ከተገላገለች ከእሷ ማራባቱን አቁሜ፣ ለሚቀጥለው እናቷም አያቷም አምጠው የወለዱትን ውሻ እፈልግ ነበር።