ከአቡጊዳ እስከ አንጎል ምርምር

«የአንጎል ሳይንስ ማስተማርን ይለውጣል» የሚለውን በየሥልጠናው እንሰማለን። አሜሪካዊው ጆን ብሩር ገና በ1997 እ.ኤ.አ. ከነርቭ ሕዋስ ተነስቶ በቀጥታ ክፍል ውስጥ መግባት እንደማይቻል ጽፎ ነበር። ሰሚ አላገኘም። በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከእንግሊዝና ከኔዘርላንድስ መምህራን ከ10 ከ9 የሚበልጡት፣ ተማሪ «በዐይን» ወይም «በጆሮ» በሚመቸው ስልት ሲማር የበለጠ ይገባዋል ብለው ያምኑ ነበር። ማስረጃ ግን የለውም።

ለእኛ የሚጠቅመው ግኝት ሌላ ነው። ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ዴሃን እንደሚያስረዳው፣ አንጎል ለንባብ ተብሎ የተሠራ ቦታ የለውም። ቅርጽና ፊት የሚለየው ክፍል ፊደልን የሚለምደው ዐይን ያየውን ከድምፁ ጋር ደጋግሞ ሲያገናኝ ነው። «ሀ ሁ ሂ» እያሉ በዜማ መውረድ ደግሞ ከዐይን ይልቅ ምላስን ያሠለጥናል። 231ዱን ሳይሳሳት የሚወርድ ልጅ «ሞ»ን ለብቻዋ ሲያሳዩት ከ«መ» ጀምሮ ቆጥሮ ይደርስባታል። እንዲህ እየቆጠረ የሚያነብ፣ ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ መነሻው ይጠፋበታል።

የአብነት መምህራን ይህን ያለ ምርምር የደረሱበት ይመስለኛል። ከ«ሀ ሁ» በኋላ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ይመጣል፤ ፊደሉም ድምፁም በየእርምጃው ስለሚለዋወጥ የለመዱት ዜማ አያድንም። (እርግጥ አቡጊዳም ሲደጋገም በቃል ይያዛል።) ዘመናዊው ትምህርት ቤት ዜማውን ወረሰ፣ ማደባለቁን ተወ።

መዘዙ ቀላል አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. በ6 የአገራችን ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከቋንቋዎቹ በላቲን የሚጻፉ ስላሉ ጥፋቱን ሁሉ በፊደል ዜማ ላይ አልጭንም፤ የመጽሐፍ እጥረቱም የተማሪው ብዛትም አለ። ሆኖም በ2015 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ያለፉት 3.2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ክርክሩ ሁሉ ስለ ፈተናው ነበር። 1ኛ ክፍልን ያነሳ ጥቂት ነው።

መጽሐፍ ቢጠፋ፣ ክፍሉ ቢጨናነቅ፣ ፊደልን አደባልቆ መጠየቅ ገንዘብ አይፈልግም። 1ኛ ክፍል የሚማር ልጅ ያላችሁ ዛሬ ማታ የፊደል ገበታውን ዘርጉና እዚህም እዚያም እየዘለላችሁ ጠቁሙ። ከረድፉ መጀመሪያ መቁጠር ከጀመረ ገና ማንበብ አልለመደምና ለመምህሩ ንገሩት።