ለእሽቅድምድምም ለሽርሽርም

የካናዳዋ ካልጋሪ ባሕር የላትም። ውቅያኖሱ ከሮኪ ተራሮች ማዶ ነው፤ ከተማዋም ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው። ያም ሆኖ ሐምሌ ላይ በሄሪቴጅ ፓርክ በኩል ያለፈ ሰው በግሌንሞር ውኃ ላይ ሸራዎች ወዲያ ወዲህ ሲሉ ያያል። ግሌንሞር የኤልቦው ወንዝ ተገድቦ የተጠራቀመ፣ የከተማው ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ ነው። ስለዚህ የቤንዚን ሞተር አይገባበትም። መኝታ ያላቸው ተለቅ ያሉ ጀልባዎች የሚታዩት ከከተማዋ በስተ ምዕራብ፣ በቦው ወንዝ ግድብ በተፈጠረው ጎስት ሐይቅ ነው።

የዛሬው እንግዳችን ከነዚህ አንዱ ነው፤ አንድ ቀን የሚወዳደሩበት፣ ሌላ ቀን ልጆች ይዘው የሚያድሩበት የፋይበርግላስ ሸራ ጀልባ። ሲያወሩት ቀላል ነው። ንድፍ አውጪው ግን የሁለት ጌታ አሽከር ነው፤ ተወዳዳሪው «ክብደት ቀንስ» ሲለው፣ ቤተሰቡ «አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ጨምር» ይለዋል። ክብደት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ጀልባ ሲሄድ ራሱ የሚያስነሣው ማዕበል መልሶ ይይዘዋል። ውኃ ላይ የሚያርፈው ርዝመቱ 7 ሜትር የሆነ ከባድ ጀልባ በሰዓት ወደ 12 ኪሎ ሜትር ከደረሰ በኋላ ነፋሱ ቢበረታም እምብዛም አይፈጥንም። ማዕበሉን ወጥቶ በላዩ የሚንሸራተተው ቀላሉ ጀልባ ነው።

ካናዳ ውስጥ ይህን ሙግት በሚገባ ካስታረቁት አንዱ ስደተኛ ነበር። ከኦስትሪያ የመጣው ጀልባ ሠሪ ጆርጅ ሂንተርሆለር እ.ኤ.አ. በ1959 በኦንታሪዮ፣ ናያግራ ኦን ዘ ሌክ ውስጥ «ሻርክ»ን ሠራ። የመጀመሪያው በኮምፔንሳቶ ነበር፤ ወዲያው ግን ወደ ፋይበርግላስ ተሸጋገረ። ርዝመቱ 7.3 ሜትር፣ ክብደቱ 1,000 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ጓዳው ጠባብ ነው፤ ቀጥ ብሎ መቆም የለም፤ ነገር ግን ይተኛበታል፣ ይፈጥናልም። ከ2,000 በላይ ተሠርቶ ተሸጧል።

ፋይበርግላስ ምንድን ነው ቢባል፣ ከአገራችን የጭቃ ቤት ምርግ ብዙ አይርቅም። ሬዚን የሚባለው ሙጫ ጭቃው፣ የመስታወት ክሩ ጭዱ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይረባም። መጀመሪያ የጀልባው ሙሉ ቅርጽ በእንጨት ይሠራና ከእሱ ላይ ሞልድ የሚባለው ቅርጽ ማውጫ ይወሰዳል። የሞልዱ ውስጥ እንዳይጣበቅ በሰም ይወለወላል፤ ከዚያ ጄልኮት የሚባለው፣ በኋላ ከውጭ የሚታየው አንጸባራቂ ቀለም ይረጫል። ማለትም ጀልባው ከቆዳው ወደ ውስጥ ነው የሚሠራው። ቀጥሎ የክር ንጣፍና ሽምን በየተራ እየተነጠፈ ሬዚን ይጠጣል፤ ሠራተኛው ሸንተረር ባለው ሮለር እየደፈጠጠ የአየር አረፋውን ያስወጣል። አረፋ ከቀረ ደካማ ቦታ ቀረ ማለት ነው። በመጨረሻ ከታች እርሳስ ወይም ብረት ይታሰራል፤ ነፋስ ሲያጋድለው መልሶ የሚያቆመው እሱ ነው።

ለእኔ ትልቁ ብልሃት ግን የመሐሉ ነው። በሁለት ስስ ፋይበርግላስ መካከል ባልሳ የሚባል እጅግ ቀላል እንጨት ሲገባ ግድግዳው ይወፍራል፣ ይጠነክራል፣ ክብደቱ ግን እምብዛም አይጨምርም። የካናዳዎቹ ከትበርትሰንና ካሲያን የነደፉት «ሬድ ጃኬት» እ.ኤ.አ. በ1966 ገላው በዚህ መንገድ ተሠራ፤ በ1968 በፍሎሪዳው ታዋቂ የውድድር ዙር አሜሪካኖቹን በደጃቸው አሸነፈ። በዓመቱ ነዳፊዎቹ ከሂንተርሆለርና ከሌሎች ሠሪዎች ጋር ተዋሕደው ሲ ኤንድ ሲ ዮትስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ።

ባልሳ ጠላቱ ውኃ ነው። ባልሳ ባለበት ዴክ (የጀልባው የላይ ወለል) ላይ በተፈታ አንድ ብሎን ሥር ውኃ ይሰርጋል፤ እንጨቱ ይበሰብሳል። በካልጋሪ ደግሞ ውኃው ክረምቱን በረዶ ሆኖ ያብጥና ንብርብሩን ይፈለቅቀዋል። ስለዚህ እዚያ አሮጌ ጀልባ ለመግዛት ካሰቡ ሸራው ነጣ፣ ፍራሹ አማረ ብለው አይቸኩሉ። የፕላስቲክ መዶሻ ይያዙና በምሰሶው ሥርና በየብሎኑ ዙሪያ ዴኩን ቀስ እያሉ ያንኳኩ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ግን ወይ ዋጋውን በደንብ ያስቀንሱ፣ ወይ ትተውት ይሂዱ።