ያውቁ ኖሯል? የማቀዝቀዣ መጋዘን መብራት ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል

ሥጋ፣ ዓሣ ወይም አበባ በሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ የሚበራ አምፖል ቆጣሪውን ሁለት ጊዜ እንደሚያስቆጥር ያውቁ ኖሯል? አምፖሉ የሚወስደው ኃይል፣ ብርሃን ሆኖ የወጣውም ጭምር፣ መጨረሻው ሙቀት ነው። ያን ሙቀት ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ሌላ ኤሌክትሪክ እየበላ ወደ ውጭ ያወጣዋል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ በሆነ ክፍል ውስጥ 100 ዋት መብራት ብዙውን ጊዜ 50 ዋትና ከዚያ በላይ ተጨማሪ ፍጆታ ያስከትላል።

ኃይል ቆጣቢው የኤልኢዲ መብራት ደግሞ ብርድ ይስማማዋል። ተራው የፍሎረሰንት መብራት በብርድ ሲደበዝዝ፣ ኤልኢዲ እንዲያውም ደመቅ ይላል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። በትልልቅ መጋዘኖች ጣሪያ ላይ የተለመደው ሜታል ሃላይድ አምፖል አንዴ ከጠፋ ዳግም እስኪበራ 10 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊያስጠብቅ ስለሚችል ቀኑን ሙሉ እንደበራ ይውላል (ማን ጨለማ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል!)። ኤልኢዲ ግን ወዲያው ስለሚበራ እንቅስቃሴ የሚለይ ሴንሰር ሊገጠምለት ይችላል፤ ፎርክሊፍቱ ሲገባ ይበራል፣ ከወጣ በኋላ ይጠፋል።

ሊገዙ ካሰቡ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ የሙቀት መጠን አይተው፣ ለክፍልዎ ብርድ የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ።