መኪናው አልነሣ ሲል ሞተሪኖ ከመግዛት በፊት የሽቦው መንገድ ይፈተሽ

ነቀምቴ (ከገጠር ልማት ዘጋቢያችን)፦ በወለጋ ቡና አብቃይ ወረዳዎች ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ የለቀማ ወቅት ነው። ታጥቦ ለሚዘጋጅ ቡና የተለቀመው ቀይ እሸት በዚያው ዕለት መፈልፈያ ጣቢያ መድረስ ይኖርበታል። ካደረ ይብላላል፤ ከተብላላ ደረጃው ይወርዳል፤ ደረጃው ከወረደ ዋጋው አብሮ ይወርዳል። እሸቱ በጆንያ ተሞልቶ መንገድ ዳር በሚጠብቅበት በዚህ ሰዓት የማኅበሩ አሮጌ የጭነት መኪና ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም ቢል ጉዳቱ የሾፌሩ ብቻ ሳይሆን የአባላቱ ሁሉ ነው። የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ማጓጓዣ ጊዜም እንዲሁ ቀን የሚሰጥ አይደለም።

እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥም ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ሞተሪኖው ተቃጥሏል» የሚል ነው። ሞተሪኖ፣ ማለትም ቁልፉ ሲዞር ዋናውን ሞተር አዙሮ የሚያስነሣው የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ይወልቃል፤ ሌላ ይገዛል፤ ይታሰራል። መኪናው ግን ጥቂት ቀን ሠርቶ ያንኑ «ጠቅ» ማሰማት ይጀምራል። ይህም የሚሆነው ጉድለቱ ከሞተሪኖው ላይ ሳይሆን ኤሌክትሪኩ ከባትሪ ወጥቶ እስኪመለስ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ስለነበረ ነው። የማኅበራት መሪዎች ለዕቃ መግዣ ገንዘብ ከመፍቀዳቸው በፊት «ምን ተፈተሸ?» ብለው መጠየቅ እንዲችሉ የሚከተለው ማብራሪያ ቀርቧል።

ክረምቱ፣ ዳገቱና አቧራው

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ወደ ጊምቢ የሚወስደው መንገድ ከዚህ ደጋማ ቦታ ተነሥቶ ወደ ሞቃታማው የዴዴሳ ሸለቆ ይወርድና እንደገና ሽቅብ ይወጣል። በወለጋ ክረምቱ ረጅም፣ ዝናቡም ብዙ ነው። እርጥበቱ በባትሪ ጫፎችና በሽቦ ማሰሪያዎች ላይ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል። በበጋ አቧራው ይገባል፤ ጎርበጥባጣው መንገድም ዳዶዎችን ያላላል። በዚህ ላይ መኪናው ብዙ ዓመት ያገለገለ ሲሆን፣ ሽቦው በየጊዜው እየተቆረጠ በናስትሮ የተቀጠለ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ በጥቅምት የሚታየው ብልሽት በሐምሌና በነሐሴ የተጀመረ ነው ማለት ይቻላል።

ኤሌክትሪኩ የሚሄድባቸው ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ተነሥቶ እስከ ሞተሪኖው የሚደርሰው ወፍራም ኬብል ነው። ሞተሪኖውን የሚያዞረው ከባዱ ጉልበት የሚያልፈው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ከቁልፉ ተነሥቶ በሞተሪኖው ላይ ወደተገጠመው ሶሌኖይድ የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ነው። ሥራው ትእዛዝ ማድረስ ብቻ ነው። ቁልፉ ሲዞር ሶሌኖይዱ ተስቦ የወፍራሙን ኬብል መንገድ ይከፍታል፤ «ጠቅ» የሚለውም ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመመለሻው መንገድ ነው። ኤሌክትሪኩ በሞተሩ አካልና በሻንሲው በኩል አድርጎ ወደ ባትሪው ነጋቲቭ ጫፍ ይመለሳል። መካኒኮች ይህን «ማሳ» ይሉታል። ገበሬው ከሚያርሰው ማሳ ጋር ስሙ አንድ ይሁን እንጂ፣ እንደ ሞተሪኖ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሌላ ቃል ነው። ሞተሩ በጎማ ትራስ ላይ ስለሚቀመጥ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው የማሳ ገመድ አለ። ይህ ገመድ ከዛገ፣ ከላላ ወይም ሻንሲው ቀለም ሲቀባ ከቀለሙ በላይ ከታሰረ ሞተሪኖው አዲስ ቢሆንም አይዞርም።

«መብራቱ እየበራ እንዴት ባትሪውና ሽቦው ይጠረጠራል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ከመስኖ ሥራ ጋር ይመሳሰላል። በደለል የተሞላ ቦይ እንስራ ለመሙላት የሚበቃ ውሃ ያሳልፋል፤ እርሻ ለማጠጣት ግን አይበቃም። በባለ 24 ቮልት መኪና ላይ አንድ ባለ 70 ዋት የፊት መብራት የሚስበው 3 አምፔር ያህል ሲሆን፣ የጭነት መኪና ሞተሪኖ ግን በመቶ የሚቆጠር አምፔር ይስባል። በዛገ ማሰሪያ ላይ የአንድ ኦም አንድ መቶኛ እንቅፋት ቢኖር መብራቱ የሚያጣው 0.03 ቮልት ስለሆነ አይታወቅም። 300 አምፔር የሚስበው ሞተሪኖ ግን በዚያው እንቅፋት 3 ቮልት ያጣል። መብራት መብራቱ የሽቦውን ደኅንነት አያረጋግጥም የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ድምፁ ምን ይናገራል?

ቁልፉ ሲዞር ምንም ድምፅ ከሌለና መብራቱም ከደበዘዘ መጀመሪያ የሚታዩት ባትሪውና ማሰሪያዎቹ ናቸው። መብራቱ ደማቅ ሆኖ ድምፅ ከጠፋ የሚጠረጠረው የትእዛዙ ቀጭን ሽቦ፣ ፊውዙ፣ ቁልፉ ወይም ሶሌኖይዱ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ጠንከር ብሎ «ጠቅ» ካለ ወፍራሙ ኬብልና ማሳው ይመርመሩ፤ የሶሌኖይዱ የውስጥ መገናኛ መበላቱም ሊሆን ይችላል። «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» እያለ ከተንቀጠቀጠ ባትሪው ደክሟል ወይም ማሰሪያው ላልቷል። ሞተሪኖው በባዶ እየጮኸ ዋናው ሞተር ካልተንቀሳቀሰ ችግሩ የጥርስ እንጂ የሽቦ አይደለም። ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልተነሣ ደግሞ ወደ ነዳጁ መሄድ ይገባል።

ፍተሻው በቅደም ተከተል

ማናቸውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ጎማው በድንጋይ ይደገፍ። ቀለበትና የብረት ሰዓት ይውለቅ። ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ሲጋራም ሆነ ኩራዝ አይቅረብ። ማሰሪያ ሲፈታ ነጋቲቩ በመጀመሪያ ይፈታል፤ ሲታሰርም ነጋቲቩ በመጨረሻ ይታሰራል።

ከዚህ በኋላ የባትሪው ጫፎችና ማሰሪያዎቹ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቁ ይጸዱ። በአሲድ የተበከለ ቦታ ውሃ ውስጥ በተበጠበጠ ሶዳ ይታጠብ፤ ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ግን ጥንቃቄ ይደረግ። የማሳው ገመድ በሁለቱም ጫፍ ተፈትቶ፣ ቀለሙና ዝገቱ ተፍቆ፣ ብረት ከብረት ጋር ተገናኝቶ ይጠበቅ። ከታሰረ በኋላ ስስ ግሪስ ቢቀባ እርጥበቱን ይከላከላል። አለመነሣቱ በዚህ ብቻ የሚወገድበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ካልተወገደ ቮልት መለኪያ ይምጣ። ሞልቶ ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ያህል ያሳያል። ብዙዎቹ ትልልቅ መኪኖች ሁለቱን በተከታታይ ስለሚያያይዙ ድምሩ 25.2 ያህል ይሆናል። ቁልፉ ዞሮ ሞተሪኖው ሲሳብ እያንዳንዱ ባትሪ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው መሞላት ወይም መለወጥ አለበት። ባትሪው ደኅና ከሆነ የመለኪያው አንድ ጫፍ በባትሪው ነጋቲቭ ላይ፣ ሌላው በሞተሪኖው አካል ላይ ተይዞ ቁልፉ ይዙር። ንባቡ ከግማሽ ቮልት በግልጽ ከበለጠ ማሳው ታሟል። ያው ልኬት በባትሪው ፖዘቲቭና ሞተሪኖው ላይ ወፍራሙ ኬብል በሚታሰርበት ቡሎን መካከል ሲደገም የኬብሉን ጤንነት ያሳያል። ሁለቱም መንገዶች ንጹሕ ሆነው፣ ትእዛዙም ደርሶ ሞተሪኖው ካልዞረ፣ ያን ጊዜ ሞተሪኖው ይውለቅ። ሲወልቅም ያለቁት ካርቦኖቹ ብቻ ሊሆኑ ስለሚችሉ ሙሉውን መግዛት ግዴታ አይደለም።

ሕይወትና ንብረት የሚያስከፍሉ ልማዶች

በወፍራሙ ኬብል ፈንታ የቤት መብራት ሽቦ መቀጠል እሳት ይጋብዛል። ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ለቴፕ ወይም ለሬዲዮ 12 ቮልት መሳብ ያንን ባትሪ ነጥሎ ያደክመዋል። አንዱን አሮጌ ከአንዱ አዲስ ጋር ማጣመርም አዲሱን ያሳጥራል። ሞተሪኖውን ከ15 ሰከንድ በላይ ሳያቋርጡ መሳብም ጥቅሉን ያቃጥላል፤ በየመካከሉ አንድ ደቂቃ ማሳረፍ ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ግን ከመኪናው ሥር ተኝቶ የሞተሪኖውን ሁለት ቡሎኖች በካቻቢቴ ማገናኘት ነው። መኪናው ማርሽ ውስጥ ከሆነ ይነሣና ከሥሩ ባለው ሰው ላይ ይሄዳል። እንደዚሁም የተጫነ መኪና በቁልቁለት ለቅቆ ማስነሣት አደገኛ ነው። በአየር ፍሬን የሚሠሩ መኪኖች አየር የሚሞሉት ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነው። አየሩ ያነሰበት መኪና ቁልቁል ከተለቀቀ በኋላ ሞተሩ ባይነሣ የሚያቆመው ነገር ላይኖር ይችላል። ለአንድ ቀን ጭነት ሲባል የሾፌርና የረዳት ሕይወት ለአደጋ መጋለጥ የለበትም።

የመሪዎች ድርሻ

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራት ከተቋቋሙ፣ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 147 እንደገና ከተደራጁ ወዲህ የጋራ ንብረትን መጠበቅ የመሪዎች ኃላፊነት ሆኖ ቆይቷል። የጋራ መኪና ሁሉም የሚጭንበት፣ ግን ማንም የማያየው ንብረት እንዳይሆን የሚከተሉት ቢፈጸሙ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ለቀማ ከመጀመሩ በፊት፣ ባትሪውና የሽቦው መንገድ ሁሉ ይፈተሽ። ሁለተኛ፣ ማኅበሩ ቮልት መለኪያ ገዝቶ ለሾፌሩ ያስረክብ፤ አጠቃቀሙንም በከተማው ካለ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ዘንድ እንዲማር ያድርግ። ሦስተኛ፣ ለመኪናው አንድ ደብተር ይከፈት። ባትሪው የተለወጠበት ቀን፣ የተደረገው ልኬትና የተከፈለው ዋጋ ይመዝገብ። አራተኛ፣ ጋራዥ «ሞተሪኖ ይገዛ» ሲል የልኬቱ ንባብ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ የወለቀውም አሮጌ ዕቃ ወደ ማኅበሩ ይመለስ።

ይህን ለማድረግ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት «ባትሪው ስንት አነበበ? ማሳው ተፈትቶ ተጸድቷል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሊቀ መንበር የአባላቱን ገንዘብና የለቀማውን ቀን ከብክነት ያድናል።